ደጅ የወጣ ሳህን

«ዛሬ አልመጣም፣ ኑሃ» አላት መክብብ በስልክ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠኝ ነው ያደረው። ትኩሳቱ አሁንም አለቀቀኝም።»

ኑሃሚን የእናቷን ወጥ ቤት በር ገፋ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። የገና ቀን ነው። አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ያለው የወላጆቿ ቤት ከማለዳ ጀምሮ የዶሮ ወጥ ሽታ ሞልቶታል። አባቷ አቶ አምባዬ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እናቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ለክብር እንግዳ ብቻ የሚወጣውን ትልቁን ትሪ ታጥቦ ሳለ እንደገና እያጠቡት ነው። ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለማን ነው ቢሉ፣ አሁን በስልክ «አልመጣም» ለሚለው ሰው ነው።

«መክብብ፣ ስማኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ዓመት ነው የጠበቅነው። ሁለት ዓመት! አባባ በገዛ አፋቸው ‹ይምጣ፣ በፊት ለፊት በር ይግባ፣ ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ ይብላ› ያሉት ዛሬ ነው። ዛሬ ከቀረህ ሌላ ቀን የለም። ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ። ካንቺ በላይ ነው የማውቃቸው።»

እውነቱን ነው። አቶ አምባዬ ናዝሬት ላይ ስማቸው የተጠራ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ትልቅ ብረት በር ያለው ግቢ ነበራቸው፤ በበሩ ሥር ደግሞ ዘበኛው ጎሹ ነበር። መክብብ የጎሹ ልጅ ነው። እዚያው ግቢ አደገ እንጂ የቤቱን ሳሎን አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። ምሳቸውን ሠራተኛዋ በሳህን አድርጋ እስከ ዘበኛ ቤቱ ታወጣላቸዋለች፣ አባትና ልጅ ደጅ ተቀምጠው ይበላሉ። ከዓመታት በኋላ የግቢው ጌታ ልጅ ተምራ አትላንታ፣ ሚድታውን ውስጥ ፋርማሲስት ሆነች፤ ወላጆቿንም አመጣች። የዘበኛው ልጅ ዲቪ ደርሶት መጣና ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ መንዳት ያዘ። አንድ ቀን ሻንጣዋን እየጎተተች ስትሳፈር ሹፌሩ ዞር ብሎ «ኑሃ?» አላት። በዚህ ስም የሚጠራት ከዚያ ግቢ ሰው በቀር ማንም አልነበረም። የቀረውን አንባቢ ራሱ ይጨርሰዋል። አቶ አምባዬ ሊጋቡ እንደሚፈልጉ የሰሙ ዕለት ግን «የጎሹ ልጅ?» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ሁለት ዓመት ፈጀ።

«ደግሞ የጋሼ ሕመም አለ» አለ መክብብ ሳሉን እየታገለ። «የነገርሽኝን ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችውም። አባቷ የያዛቸው የደም ካንሰር ነው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «ልጅ ወልጄ የለም ወይ፣ የምን አስተርጓሚ ነው» ስለሚሉ የምታስተረጉመው እሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን ሐኪሟ ካንሰር ስትል ኑሃሚን «የደም ማነስ» አለች። ቃሉ አንዴ ከአፏ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣችለት። እናትና ልጅ የሰውየው ልብ እንዳይሰበር ብለው ተማምለው ደበቁት፤ በእኛ ወግ ይኼ ደግነት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት የምንተርተውም እኛው ነን። ለካንሰሩ የሚሰጣቸውን ኪሞ «የደም ማነሱ መድኃኒት» ይሉላቸዋል። መድኃኒቱ የሰውነታቸውን መከላከያ ጠራርጎ እንዳወጣው፣ ሌላ ሰው አስነጥሶ የሚያልፈው ጉንፋን እሳቸውን መቃብር ሊያወርዳቸው እንደሚችል ግን አያውቁም።

ታዲያ ከሰው ሁሉ ቀድማ «ቤትህ ተኛ» ማለት የነበረባት ማን ነበረች? ፈረንጆቹ 2018ን ከጀመሩ ሳምንት መሆኑ ነው፣ ኢንፍሉዌንዛው ከተማውን አልጋ ላይ አስተኝቶታል። እሷም መድኃኒት ቤቷ መስኮት ላይ ለቆመ ሁሉ «ትኩሳት ካለህ ከቤት አትውጣ፤ ያለ መድኃኒት ለቆህ አንድ ቀን ሙሉ እስኪያልፍ ሰው አትቅረብ» ስትል ነው የምትውለው። ለራሷ ሲሆን ምክሩ ጠፋባት። ይህ ቀን ካለፈ አባቷ ሌላ ገና ያያሉ ብላ አታምንም ነበር፤ ሳይመርቋት ከሄዱ ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመው ነው።

«እሺ፣ አትግባ» አለች በመጨረሻ። «በር ድረስ ብቻ ና። ፊትህን ይዩት፣ እንኳን አደረሰዎ በልና ሂድ። ማስክ ግን እንዳታደርግ፤ ለምን ብለው ይጠይቁኛል። ስለ ሕመማቸውም ትንፍሽ እንዳትል። ፕሊስ።»

«ልክ አይደለም፣ ኑሃ» አለ መክብብ። «የታመመ ሰው ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል። በር ድረስ የሚባል ነገር የለም።»

«ለኔ ስትል።»

ለኔ ስትል ሲሉት እምቢ ማለት አያውቅም፤ ታውቃለች። እሺ ሲላት ደስ አላት። ከደስታዋ ሥር አንድ ነገር ቆረቆራት፣ ግን ዛሬ ለመቆርቆር ቀኑ አይደለም ብላ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

* * *

መክብብ ደወሉን ከደወለ በኋላ ደረጃውን ወርዶ ሣሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሱፍ ልብሱ የሌላ ሰው ይመስላል። ኑሃሚን በሩን ከፍታ አየችው። «ልመለስ?» አላት በዓይኑ። «ትንሽ ብቻ» አለችው በዓይኗ።

አቶ አምባዬ ግን ሳሎን ተቀምጠው አልጠበቁም። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ግድግዳውን እየያዙ፣ እስከ በሩ ድረስ መጡ። ናዝሬት ሳሉ ለእንግዳ ተነስተው በር ድረስ የሚሄዱት ለጳጳስና ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነበር እያሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ ያሟቸዋል።

«ግባ እንጂ፣ ልጄ» አሉ።

ልጄ አሉት። ኑሃሚን እንባዋ መጣ።

«እንኳን አደረሰዎ፣ ጋሼ» አለ መክብብ ካለበት ሆኖ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሳ። «እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ግን አልገባም፤ ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጉንፋን?» አቶ አምባዬ ከልባቸው ሳቁ። «ታዲያ የጉንፋን መድኃኒቱ ዶሮ ወጥ አይደለም እንዴ! ለጉንፋን ብሎ በዓመት በዓል ከደጅ የሚመለስ ሰው አይቼ አላውቅም። ና፣ ና!» ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ደረጃ ወረዱ።

መክብብ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሁለቱንም እጆቹን ከጀርባው ደበቀ።

የተዘረጋው እጅ ባዶውን ቀረ። «አባባ፣ እሱ እኮ...» አለች ኑሃሚን፤ ከዚያስ ምን ትበል? «እርስዎ ካንሰር ስላለብዎት ፈርቶ ነው» ትበል? ውሸት እንደ ሹራብ ነው፣ አንዱን ክር ከሳቡት ሌላው ይከተላል።

አቶ አምባዬ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

«ገባኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «አባትህን ዕድሜ ልኩን ደጄ ላይ አቁሜዋለሁ። አንተ ደግሞ ዛሬ ግባ ስልህ፣ እዚያው ደጄ ላይ ቆመህ ልትመልስልኝ መጣህ። ይሁን። ተመልሶልኛል።»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! እንደዚያ አይደለም፣ እኔ...» መክብብ ወደ ኑሃሚን ዞረ። ንገሪያቸው የሚል ዓይን ነበር። እሷ መሬት መሬቱን አየች።

አቶ አምባዬ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ኑሃሚን መክብብን መኪናው ጋ ደረሰችበት።

«ምናለ አንዴ እንኳ ብትጨብጣቸው!» አለች። እየጮኸች መሆኑን አላወቀችም። «ገብተህ ጥግ ላይ ብትቀመጥ ምናለ! አዋረድካቸው!»

«እጄ እሳት ሆኖ? ጨብጬ ልግደላቸው ነው የምትይው? ኑሃ፣ ፋርማሲስቷ እኮ አንቺ ነሽ!»

ይኼ እውነት ነበርና አንጀቷን አቃጠላት። ሰው በእውነት ሲመታ በእጁ የገባውን ያነሳል፣ እሷም አነሳች። «አንተ መግባቱን አልቻልክበትም!» አለችው። «ደጅ ለምደህ! የዘበኛ ልጅ ምንጊዜም የዘበኛ ልጅ ነው!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ ገና ከአፏ እንደወጣ መልሳ ልትውጠው ፈለገች፤ አልሆነም። መክብብ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ትኩሳት ባቀላው ዓይኑ ዛሬ ገና እንደተዋወቃት ሁሉ አያት። መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋ፤ እንዳያስልባት መሆኑ ነው። ከመስተዋቱ ወዲያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሲስል አየችው፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ሰው በተሰደበበት ሰዓት የሰደበውን ሰው ከሳሉ ሲጠብቅ አይታ አታውቅም። ሄደ። እሷ ቀዝቃዛው ሣር ላይ ቆማ ቀረች፣ አፏ ውስጥ የቃሉ ምሬት ነበር።

* * *

መክብብ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልጋ ላይ ዋለ። ኑሃሚን ይህን ያወቀችው አብሮት የሚኖረው ካሳሁን መድኃኒቱን ሊወስድለት መድኃኒት ቤቷ መስኮት ላይ ሲቆም ነው። «በጣም ሲክ ነው፣ ባክሽ» አላት ምንም ሳያውቅ። መድኃኒቱን በእጇ አሽጋ ሰጠችው። ሾርባ እንኳ ሠርታ አልወሰደችለትም። በየትኛው ፊቷ ትሂድ? ስልክ ደወለች፤ አላነሳም። መልእክት ጻፈች፤ «ይቅርታ» የምትለው ቃል ስክሪኑ ላይ ስታያት አንሳ ታየቻትና አጠፋችው።

ቤትም ሰላም አልነበረም። አቶ አምባዬ የመክብብን ስም አላነሱም። ቢያነሱትስ በተሻለ። አንዳንዴ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል፤ ኑሃሚን ያን ጊዜ ተነስታ ትወጣለች። የነበራት ምርጫ ሁለት ነበር፤ ለአባቷ እውነቱን ተናግራ ልባቸውን መስበር፣ ወይ ዝም ብላ የመክብብን ስም አፈር ውስጥ መተው። ሳምንታት ዝም አለች። ዝምታዋን ለአባቷ ስል ነው ብላ ጠራችው፤ ማታ ማታ ግን ፍርሃት መሆኑ ይገባታል።

ዓቢይ ጾም በገባ ሰሞን የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ሐኪሟ የደም ምርመራውን ውጤት አይታ ፈገግ አለች። ጥሩ ነው፣ መከላከያቸው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ንጹሕ ከሆነና ካልታመመ ሰው ጋር ቢቀመጡ ቢበሉ ፈቃዴ ነው አለች። ከዚያ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ወደ ኋላ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ግን መከላከያ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል» አለች በእንግሊዝኛ። «በዚያ ሳምንት ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ቢሆን ዛሬ እዚህ ተቀምጠን አናወራም ነበር። ማን እንደጠበቃቸው አላውቅም፣ ግን የጠበቃቸው ሰው ሕይወታቸውን አትርፏል።»

ኑሃሚን ወንበሯን ወደ አባቷ አዞረች።

«ምን አለች?» አሉ አባቷ።

በዚያች ክፍል ስንት ጊዜ ዋሽታለች! «ደህና ነዎት አለች» ብትል ይበቃ ነበር። ዓይኗ ግን የአባቷ ቀኝ እጅ ላይ አረፈ፣ ገና ቀን ባዶውን በቀረው እጅ ላይ።

«አባባ» አለች። «እስከ ዛሬ ያለችውን ሁሉ ልክ አልነገርኩዎትም። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ልክ እንዳለችው እነግርዎታለሁ።»

እጃቸውን ይዛ ከመጀመሪያው ጀመረች። የደም ማነስ የሚለውን ወዲያ ጥላ ካንሰር አለች። ድምጿ ተቆራረጠ፣ ግን አላቆመችም። ሐኪሟ ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ ዝም ብላ የወረቀት መሐረቡን ወደ እሷ ገፋችላት።

አቶ አምባዬ የተናገሩት ግን ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ ከረምሽ?» አሉ።

ብትገረፍ ይሻላት ነበር። እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መብራት ይዟቸው ቆሙ። «የጎሹ ልጅ ይህን ያውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ያውቅ ነበር።»

«ያን ቀን እጄን ያልጨበጠኝ...»

«ለእርስዎ ፈርቶ ነው። ጭራሽ ከቤት አልወጣም ብሎኝ ነበር። በር ድረስ ና ብዬ የጎተትኩት እኔ ነኝ። እንዳይናገር ያስጠነቀቅኩትም እኔ ነኝ። ደጅ ላይ ስድብዎን የጠጣው በእኔ ፈንታ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አቶ አምባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

«ጎሹ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም» አሉ ድንገት። «ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሥራ አልነበረብኝም። ዘበኛ ቤቱ ገብቼ መቀመጡ ከብዶኝ ነው። በሩ አጭር ነበር፤ የሚገባው ሰው ጎንበስ ማለት ነበረበት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጁን ጥሪልኝ። ጊዜ የለዎትም ብለሽኛል እኮ።»

እንደዚያ አላለችም ነበር። ግን ገብቷቸዋል፤ መግባቱም እሷን አሳመማት።

* * *

መክብብ ስልኩን ስለማያነሳ ኑሃሚን መኪናዋን ኤርፖርቱ ማቆሚያ ፓርክ አድርጋ፣ ሻንጣ ሳትይዝ፣ እሱ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ወጣች። መክብብ በመስተዋቱ አያት። ከስቷል።

«ሻንጣሽስ?»

«የለኝም።»

«ወዴት ነሽ?»

«የትም።»

መንገደኞቹ ተርሚናሉ ላይ ወርደው ሲያልቁ እሷ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ መጥታ ቆመች።

«ሺፍት ላይ ነኝ፣ ኑሃ። አሁን ማውራት አልችልም።»

«አንተ አታውራ። እኔ ላውራ» አለችው። ሐኪሟ ያለችውን ነገረችው። ለአባቷ ሁሉንም እንደነገረች ነገረችው። «ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ግን መድኃኒት የለውም። ፈልጌለት አጣሁ። ብቻ በየቀኑ እንደሚቆጨኝ እወቅልኝ። ከቤት አልወጣም ስትለኝ አንተ ልክ ነበርክ። አባቴን የወደድክልኝ አንተ ነህ፤ እኔ የወደድኩት ምርቃታቸውን ነው።»

መክብብ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ መንገዱን ያያል።

«የዘበኛ ልጅ ስላልሽኝ አይደለም የተከፋሁት» አለ ቀስ ብሎ። «የዘበኛ ልጅ ነኝ፤ በአባቴ አፍሬ አላውቅም። ያን ቀን ለምን እንዳልገባሁ የምታውቂው ሰው ግን አንቺ ነበርሽ። ጋሼ አላወቁም፤ ተሳስተው ቢሰድቡኝ እችለዋለሁ። አንቺ እያወቅሽ ነው ያልሽኝ።»

እንባዋ በአገጯ ወረደ።

«አባባ እሁድ ና ብለውሃል» አለች። «ከአንድ ትሪ ልንበላ ነው ብለዋል።»

«ለጋሼ እመጣለሁ።»

«ለኔስ?»

አውቶቡሱ መኪና ማቆሚያው ጋ ደርሶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። መክብብ ዞሮ አያት። ዓይኑ ውስጥ ፍቅር አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ማመኑ ነው፤ ያስለቀሳትም ይህ ነው።

«ስቶፕሽ ደርሷል፣ ኑሃ» አላት፣ በለሆሳስ።

* * *

እሁድ ጠዋት ጉሮሮዋን ሲከረክራት «ፖለን ነው» አለች። የአትላንታ መጋቢት ነው፤ የጥዱ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ቀብቶታል፣ የማያስነጥስ ሰው የለም። ስቶን ማውንቴን ስትደርስ የመክብብ መኪና ደጅ ቆሟል። መስኮቱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየችው። ሳሎን ውስጥ ነው። ገብቷል!

ሞተሩን አጥፍታ ልትወርድ ስትል ጀርባዋን ብርድ ነዘራት። ፀሐይ ወጥቷል፣ ሹራብ ለብሳለች። ለአባቷ ብላ ከቦርሳዋ የማትለየውን የትኩሳት መለኪያ አወጣች። መቶ አንድ ፋራናይት አለ፤ ትኩሳት ነው።

ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። ቦርሳዋ ውስጥ ትኩሳት ማውረጃ አለ፤ ሁለት ብትውጥ ገበታው ሳይነሳ ይወርድላታል። ማን ያውቃል? ፖለን ነው ብትል ማን ይጠይቃታል? ልጅነቷን፣ ፍቅሯን፣ የአባቷን ምርቃት፣ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምታይበት ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ እንደማይመጣ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። አንድ ጉንፋን እኮ ነው! ይህን ስታስብ የራሷን ድምፅ ሰማችው፣ የገናውን፣ ያንኑ።

ወርዳ ደወሉን ደወለች። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ ሣሩ ላይ፣ እሱ በቆመበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ በሩን ከፍተው። «አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«ትኩሳት አለኝ፣ እማዬ። አልገባም። ብሉ።»

«ያላንቺ?»

«ያለኔ» አለች። መመለስ እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ እግሯ ግን እምቢ አላት። ከመስኮቱ ራቅ ብላ፣ ብቻ ለማየት፣ ቆመች።

በመስተዋቱ ውስጥ ሁለቱን ወንዶች አየቻቸው። መክብብ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ እጅጌውን እንደሰበሰበ ትሪው ፊት ተቀምጧል። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው። አቶ አምባዬ በዚያ ቀኝ እጃቸው ጠቅልለው ዘረጉለት። ዛሬ እጃቸው ባዶውን አልቀረም። መክብብ አጎንብሶ ተቀበላቸው፤ ከዚያም እጃቸውን ይዞ ሳመው። አባቷ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ረጅም ነገር፤ መዳፋቸውን ራሱ ላይ አድርገው። ምርቃት ነው። ኑሃሚን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች እንጂ አንዲት ቃል አልሰማችም። ስሟን ጠርተው ይሆን? ሁለቱን አንድ አድርገው መርቀው ይሆን? ኋላ ነግረዋታል፣ ሰዎች ኋላ ይነግራሉ። በጆሮዋ ግን አልሰማችውም።

አቶ አምባዬ ግድግዳውን እየያዙ ወደ መስኮቱ መጡና እጃቸውን መስተዋቱ ላይ አደረጉ። እሷም ካለችበት እጇን አነሳች። አባቷን በእግራቸው ቆመው ያየቻቸው የመጨረሻ ጊዜ ያ ነበር። እሷ ሳትድን እሳቸው ሆስፒታል ገቡ፣ ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ፤ የእሷ ሕመም ግን አልያዛቸውም ነበር። ልክ ነበርኩ እያለች ዛሬም ታለቅሳለች።

በሩ ተከፈተ። መክብብ ሳህን ይዞ ወጣ። ደረጃው ላይ አስቀመጠውና ራቅ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ ናቸው የላኩት» አለ። «‹ደጅ ላለችው ልጄ› ብለው።»

ኑሃሚን ሳህኑን አንስታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እሱ አልሄደም። በሩ ሥር፣ ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ከባድ ነው፣ አይደል?» አላት።

«ምኑ?»

«ደጅ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ግባ፣ ይጠብቁሃል» አለችው። «ሳህኑን አልመልስልህም፤ ነክቼዋለሁ። ይዤው እሄዳለሁ።»

«እሺ። ግን እስክትጨርሺ እጠብቅሻለሁ» አላት። እጠብቅሻለሁ ሲል አውቶቡሱ ላይ የጠየቀችውን እየመለሰላት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሊጠጋት አልቻለም፣ ልትጠጋው አልቻለችም።

ቆርሳ ጎረሰች። ሽሮው ቀዝቅዟል። በዚያ ግቢ ያን ሁሉ ዓመት ስትኖር፣ ምግብ ከቤት እስከ ደጅ ሲወጣ እንደሚቀዘቅዝ አታውቅም ነበር። እያለቀሰች ጨረሰችው።